ቶማስ የተባሉ መሐንዲሶች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። አባባሉ እውነት ከሆነ፣ በምህንድስና ታሪክ ውስጥ አንዱ መልአክ ከባልንጀሮቹ ይልቅ ሥራ የበዛበት ነበር ማለት ነው። የሙያውን ያለፉ ሦስት መቶ ዓመታት ገልጦ ለሚመረምር ሰው፣ ቶማስ የሚለው ስም በየምዕራፉ እየተደጋገመ ይመጣበታል። በእሳት ኃይል ውሃ የሚያነሣ መሣሪያ አስመዝግቦ የብቻ መብት የተቀበለው ቶማስ ነው፤ ያንን መሣሪያ የሻረውን ሁለተኛ መሣሪያ የሠራውም ቶማስ ነው። የእንግሊዝ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቶማስ ነበር፤ ሙያው ምን ማለት እንደ ሆነ ለዚሁ ማኅበር በጽሑፍ የወሰነለትም ሌላ ቶማስ ነበር። ማዕበል በበዛባት ምሽት ድልድዩ ከነባቡሩ ውሃ የገባበት መሐንዲስም ስሙ ቶማስ ነው።

ነገሩ ተአምር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ17ኛውና በ18ኛው ምዕት ዓመት ለወንድ ልጅ የሚወጡት የክርስትና ስሞች ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ጆን፣ ዊልያምና ቶማስ የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ከአገሩ ወንዶች እጅግ ብዙዎቹን ያዳርሱ ነበር። መሐንዲሶቹም ከዚሁ ሕዝብ የወጡ ናቸውና የስሙ መብዛት በሒሳብ የሚያስደንቅ አይሆንም። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። እነዚህን ሰዎች በስማቸው ብቻ ሰብስቦ በአንድ ረድፍ ለሚያቆማቸው ሰው፣ አንዱ ከሌላው ሲወርስ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲጠቀምበት፣ አንዱ ሳይጨርስ የተወው ጉዳይ በሌላው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ይታያል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ከአራማይስጥ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «መንታ» ማለት ነው። የዮሐንስ ወንጌል «ዲዲሞስ» ሲል የሚጨምርበትም ይህንኑ ትርጉም በግሪክኛ ለመስጠት ነው። በኢትዮጵያ ምእመናን ዘንድ ሐዋርያው ቶማስ በተለይ የሚታወሰው ከፋሲካ ቀጥሎ በሚውለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ ነው፤ የጌታን ቁስል በእጁ ሳይዳስስ አላምንም ያለበት ታሪክ በዚያ ዕለት ይነገራል። ገድለ ሐዋርያትም በሕንድ አገር እንደ ሰበከ ይተርካል። በምዕራቡ ዓለም ሥዕሎች ግን ይኸው ሐዋርያ የግንበኛ ማዕዘን መለኪያ ይዞ ይታያል። ምክንያቱ በጥንታዊ የሶርያ ጽሑፍ የሚገኝ አንድ ታሪክ ነው። ጉንዳፎር የተባለ የሕንድ ንጉሥ ቤተ መንግሥት እንዲሠራለት ለቶማስ ብዙ ገንዘብ ሰጠው፤ ቶማስ ግን ገንዘቡን ሁሉ ለድሆች አከፋፈለና፣ ሕንፃው የት አለ ተብሎ ሲጠየቅ በሰማይ ተሠርቷል ሲል መለሰ። በዚህ የተነሣ የሕንፃ ሠሪዎች ጠባቂ ለመባል በቃ። በዛሬው ዘመን ይህን መልስ ለሒሳብ መርማሪዎች ለማቅረብ የሚደፍር የሥራ ተቋራጭ አይገኝም።

ከመሐንዲሶቹ ቀዳሚው ቶማስ ሴቨሪ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን አውራጃ የተወለደ የጦር መሐንዲስ ነበር። በዘመኑ ማዕድን ቆፋሪዎች ወደ ጥልቁ በወረዱ ቁጥር ጉድጓዱ በውሃ ይሞላባቸው ነበር፤ ውሃውን በፈረስ ጉልበት እያወጡ መድፋትም ወጪው እየከበደ ሥራውን ያስቆም ነበር። ሴቨሪ በ1698 ውሃን በእሳት ኃይል ለማንሣት የሚያስችል መብት ከንጉሡ ተቀበለ። የመሣሪያው አሠራር ለማስረዳት አያስቸግርም። አንድ ዝግ ጋን በእንፋሎት ይሞላል፤ ከውጭ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ይመለስና በጋኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ የአየር ግፊት የጉድጓዱን ውሃ በቧንቧ ወደ ጋኑ ይገፋዋል። ቀጥሎ ከቦይለሩ የሚለቀቅ አዲስ እንፋሎት ውሃውን ከጋኑ ወደ ላይ ያስወጣዋል። እንከኑ ግን ከራሱ ከአሠራሩ የሚመነጭ ነበር። የአየር ግፊት በተግባር ውሃን ከ8 ወይም ከ9 ሜትር በላይ ስለማያነሣ መሣሪያው ከነእሳቱ ጉድጓድ ውስጥ መተከል ነበረበት፤ ከዚያ ወደ ላይ ለመግፋት የሚያስፈልገውን የእንፋሎት ግፊት ደግሞ የዘመኑ የቦይለር መጋጠሚያ አይችለውም ነበር። ሴቨሪ በ1702 «የማዕድን ቆፋሪው ወዳጅ» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ፈጠራውን ቢያስተዋውቅም፣ ቆፋሪዎቹ ወዳጅነቱን ሳይቀበሉት ቀሩ።

በዚያው በዴቨን አውራጃ፣ ዳርትማውዝ በተባለች የወደብ ከተማ፣ ቶማስ ኒውኮመን የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ ይኖር ነበር። የንጉሥ ሹመት ወይም የሊቃውንት ማኅበር አባልነት አልነበረውም፤ በሰንበት የሚሰብክ የባፕቲስት ምእመን ነበር። ከጓደኛው ከጆን ካሊ ጋር ለዓመታት ደክሞ በ1712 በደድሊ ቤተ መንግሥት አጠገብ በሚገኝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ላይ ያቆመው መሣሪያ፣ እንፋሎትን ለመግፊያነት ሳይሆን ለባዶነት ብቻ የሚጠቀም ነበር። እንፋሎቱ በሲሊንደር ውስጥ ከፒስተን በታች ይገባል፤ ቀዝቃዛ ውሃ እዚያው ውስጥ ሲረጭበት ይጠፋል፤ በላይ ያለው አየርም ፒስተኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ፒስተኑ በመካከሉ እንደ ሚዛን በተንጠለጠለ ትልቅ ግንድ አንደኛ ጫፍ ላይ ስለ ታሰረ፣ እሱ ሲወርድ በሌላው ጫፍ ያለው የፓምፕ ዘንግ ይነሣል። ኃይለኛ እንፋሎት ስለማያስፈልግ የሚፈነዳ ቦይለር አልነበረም፤ እሳቱም ከመሬት በላይ ነበር። በደቂቃ 12 ጊዜ እየተነሣ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 45 ሊትር ያህል ውሃ ከ46 ሜትር ጥልቀት ያወጣ ነበር።

ይሁን እንጂ ሕጉ ለሌላው ቶማስ ነበር። የሴቨሪ መብት የተጻፈው ውሃን በእሳት ስለማንሣት በጠቅላላው እንጂ ስለ አንድ የተለየ መሣሪያ አልነበረም። ፓርላማውም በ1699 ዕድሜውን በ21 ዓመት አራዝሞ እስከ 1733 አድርሶት ነበር። ስለዚህ ኒውኮመን የሠራው በአሠራሩ ፍጹም የተለየ ቢሆንም፣ እሳት እስካለበት ድረስ ከሴቨሪ መብት ሥር ከመግባት በስተቀር መንገድ አልነበረውም። ሴቨሪ በ1715 ሲሞት መብቱ ወደ አንድ የባለ አክሲዮኖች ኩባንያ ተላለፈ፤ ባለ ማዕድኖችም የአገልግሎት ክፍያ ለዚሁ ኩባንያ ይከፍሉ ጀመር። ለሴቨሪ ፍርድ ሳያጓድሉ መናገር ቢያስፈልግ፣ ያው መብት ኒውኮመንን ከሌሎች ቀማኞች እንደ ጠለለው መካድ አይቻልም። ሆኖም ባለ ወረቀቱ ቶማስ የሠራው መሣሪያ ተረስቶ ወረቀቱ ሲያበላ፣ ባለ መሣሪያው ቶማስ በሌላ ሰው መብት ጥላ ሥር እንደ ኖረ ታሪኩ ግልጽ ነው። ኒውኮመን መብቱ ሊያበቃ አራት ዓመት ሲቀረው በ1729 በሎንዶን ሞተ። በበንሂል ፊልድስ ተቀበረ፤ የመቃብሩ ቦታ ግን አይታወቅም፤ መልኩን የሚያሳይ ሥዕልም አልቀረለትም። መሣሪያው ግን እስከ 1733 ድረስ ከመቶ በላይ ሆኖ ተተክሎ ነበር። የእንፋሎት ሞተርን ጄምስ ዋት ፈለሰፈው የሚሉ የትምህርት ቤት መጻሕፍት እነዚህን ሁለት ቶማሶች ዘልለው የሚያልፉ ናቸው። ዋት ሥራውን የጀመረው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ንብረት የነበረውን የኒውኮመን መሣሪያ ትንሽ ሞዴል እንዲጠግን በተሰጠው ጊዜ፣ በ1763 ገደማ ነው።

ቶማስ ቴልፎርድ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የታደለ ነበር። በ1757 በስኮትላንድ ከአንድ እረኛ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት፤ ከድንጋይ ጠራቢ ዘንድ ገብቶ ሙያ ተማረ። ከዊልያም ጄሶፕ ጋር የሠራው የፖንትካሲልቴ የውሃ ድልድይ በ1805 ተመረቀ፤ ጀልባዎችን ከሸለቆው በላይ 38 ሜትር ከፍ አድርጎ፣ በ307 ሜትር ርዝመት የብረት ገንዳ ውስጥ ያሻግራል፤ ዛሬም ያገለግላል። በ1826 የተከፈተው የሜናይ ተንጠልጣይ ድልድይ በ176 ሜትር ስፋቱ የዘመኑ ድንቅ ነበር። ቴልፎርድ ብረት የመሸከም አቅሙን በስሌት ብቻ ማመን ስላልፈለገ የሰንሰለቱን ዘንጎች በመፈተኛ መሣሪያ እያስወጠረ ከዚያ በኋላ ብቻ ይሰቅል ነበር። እንዲህም ሆኖ ነፋሱን ሙሉ በሙሉ አላሸነፈም፤ በ1839 የተነሣ ማዕበል የድልድዩን ወለል ሰብሮታል።

ስለ ማኅበሩ ያደረገው ደግሞ በዚህ ጉባኤ ፊት ሊዘለል የማይገባ ነው። የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በ1818 በአንድ የሎንዶን ቡና ቤት በተሰበሰቡ ጥቂት ወጣቶች ሲመሠረት፣ ከአባላቱ መካከል ስም ያለው ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዳከር ቆይቶ በ1820 ቴልፎርድን በፕሬዚዳንትነት ለመነ። ሽማግሌው መሐንዲስ ልመናውን ተቀብሎ ለስም ብቻ አልተቀመጠም፤ መጻሕፍት ሰጠ፣ በስብሰባ ተገኘ፣ አባላት ስለ ሠሩት ሥራ በጽሑፍ እያቀረቡ እንዲወያዩ አደረገ፣ በኑዛዜውም ገንዘብ ተወለት። በ1828 የንጉሥ ቻርተር የተገኘው በእሱ ጊዜ ነው።

ለቻርተሩ ግን ሙያው ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ መገለጥ ነበረበት፤ ሥራው ለቶማስ ትሬድጎልድ ተሰጠ። ትሬድጎልድ የአናጢነት ሙያ ተምሮ፣ ሌሊት ሌሊት ሒሳብና ሳይንስ እያነበበ ራሱን ያስተማረ ሰው ነበር። ምህንድስና በተፈጥሮ ውስጥ ያሉትን ታላላቅ የኃይል ምንጮች ለሰው ጥቅምና ምቾት የመምራት ጥበብ መሆኑን የወሰነው ቃል የእሱ ነው፤ በዓለም ላይ ስንት ማኅበር ይህንኑ ቃል በመተዳደሪያ ደንቡ መግቢያ ላይ እንዳኖረ ለመቁጠር ያዳግታል። ቃሉን በጻፈ በዓመቱ፣ በጥር 1829፣ ቤተሰቡን በችግር ላይ ትቶ በ40 ዓመቱ ሞተ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ሌላ ቶማስ ሞተ፤ ሐኪሙና የፊዚክስ ሊቁ ቶማስ ያንግ። መሐንዲሶች ሁሉ የሚያውቁት በስሙ በተጠራው የመለጠጥ ልክ፣ በያንግ ሞጁለስ ነው። በ1807 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ሐሳቡን የገለጠበት መንገድ ግን እጅግ የከበደ ስለ ነበረ ለግንበኛና ለአናጢ የሚጠቅም አልነበረም። ሊቁ ቶማስ ያሰበውን ወደ ሰንጠረዥ መልሶ ለሠራተኛው እጅ ያደረሰው አናጢው ቶማስ ነው። በ1822 ስለ ጊዛ፣ ማለት በቅርጽ ስለሚፈስ ብረት፣ ጥንካሬ ያሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዝ የብረት ማቅለጫዎች ዘንድ ተነባቢ ሆነ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ግን አንድ አደገኛ ነገር ነበረ። ትሬድጎልድ ጊዛ ሲጨመቅም ሲሳብም ጥንካሬው እኩል አድርጎ ይቆጥር ነበር። የማንቸስተሩ ኢተን ሆጅኪንሰን በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሙከራ እንዳረጋገጠው፣ ጊዛ ሲሳብ የሚችለው ሲጨመቅ ከሚችለው ስድስት እጅ ያህል ያነሰ ነው። ይህ ነገር በልብ ይያዝ።

ቶማስ ባውች በ1822 በሰሜን እንግሊዝ፣ በኩምበርላንድ ተወለደ። ርካሽ የባቡር ሐዲድ በመሥራት የታወቀ ነበር፤ ባቡር ከነጭነቱ በመርከብ ላይ ተጭኖ የፎርዝን ባሕረ ሰላጤ እንዲሻገር በማድረግም ተደንቋል። የሕይወቱ ታላቅ ሥራ የሆነው የቴይ ድልድይ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በዘመኑ ከዓለም ድልድዮች ሁሉ ረጅሙ የነበረ ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ምሰሶዎቹ በጡብ የሚገነቡ ነበሩ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን በቁፋሮ ዐለት ተብሎ የተዘገበው የወንዙ ወለል ዐለት ሳይሆን ከደለል በላይ የተነጠፈ ጠጣር ንብርብር መሆኑ ተገኘ። ባውች ክብደቱን ለመቀነስ የጡቡን ምሰሶ ትቶ በጊዛ ዓምዶች ተካው፤ ዓምዶቹንም እርስ በርሳቸው በሰያፍ የብረት ማገሮች አያያዛቸው። ማገሮቹ የታሰሩት ከዓምዱ ጋር አብሮ በፈሰሰ የጊዛ ጆሮ ላይ በቡሎን ነበር። ነፋስ ሲመታ ማገሩ ይሳባል፤ ማገሩም ጆሮውን ይስባል። ስለዚህ የድልድዩ ሕይወት በሙሉ የተንጠለጠለው፣ ሲሳብ ደካማ መሆኑ አርባ ዓመት አስቀድሞ በታወቀ ብረት ላይ ነበር።

ስለ ነፋሱስ ምን ታሰበ? ባውች በፎርዝ ላይ ሊሠራው ስላቀደው ሌላ ድልድይ የንጉሣዊውን የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪን አማክሮ፣ በእንዲህ ያለ ረጅም ስፋት ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ጫማ 10 ፓውንድ ብቻ፣ ማለት በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት መገመት ይበቃል የሚል መልስ አግኝቶ ነበር። በፈረንሳይና በአሜሪካ መሐንዲሶች ከዚያ አምስት እጅ ያህል ይገምቱ ነበር። ለቴይ ድልድይ ግን ባውች በኋላ በአጣሪዎች ፊት እንደ መሰከረው፣ ለነፋስ የተለየ ስሌት አላደረገም። ድልድዩን በየካቲት 1878 የመረመረው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ባቡር ሲያልፍ ኃይለኛ ነፋስ የሚያደርገውን ለማየት እንደሚፈልግ በሪፖርቱ ጽፎ ነበር፤ ዕድሉን ሳያገኝ ድልድዩ ተከፈተ። በ1879 ንግሥት ቪክቶሪያ ተሻገሩበትና ባውችን «ሰር» ብለው ሾሙት።

ጥገናውን እንዲቆጣጠር የተመደበው ሰው የጡብ ሥራ ዐዋቂ እንጂ የብረት ሥራ ልምድ አልነበረውም። የማገሮቹ መጋጠሚያ ላልቶ ሲንኳኳ በሰማ ጊዜ ክፍተቱን በብረት ቁራጭ እየሞላ ዝም አሰኘው፤ ለባውችም አላሳወቀም። ሰውየውን መውቀስ ይቀላል። በማያውቀው ሥራ ላይ ያቆመው ግን ራሱ አይደለም።

በታኅሣሥ 28 ቀን 1879፣ እሑድ ማታ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በማዕበሉ መካከል ባቡሩ ወደ ድልድዩ ገባ። ከፍ ያሉት 13 የመካከል ክፍሎች ከነባቡሩ ወደ ውሃው ወረዱ። በሕይወት የተረፈ አልነበረም፤ በስማቸው የታወቁት ሟቾች 59 ናቸው። አጣሪ ኮሚሽኑ ፍርስራሹን ሲያስመረምር የጊዛ ጆሮዎቹ ከታሰበላቸው በጣም ባነሰ ጭነት እንደሚሰበሩ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹም ሳይሰረሰሩ እንዳሉ ከቅርጽ በመውጣታቸው ቡሎኑ በአንድ ጠርዝ ብቻ ይጫን እንደ ነበር፣ በብረት መቅጃው ውስጥ የአረፋ ጉድጓዶች በሰምና በብረት ብናኝ ቅልቅል ተደፍነው እንዳለፉ ተገኘ። በሰኔ 1880 የወጣው ሪፖርት ድልድዩ በንድፉም፣ በአሠራሩም፣ በጥገናውም ጉድለት እንደ ነበረበት ደመደመ። ከሦስቱ ኮሚሽነሮች ሁለቱ ጥፋተኛውን በስም መለየት ሥራቸው እንዳልሆነ ሲናገሩ፣ ሰብሳቢው ሄንሪ ሮዘሪ ግን ለብቻው ጽፎ ዋናውን ኃላፊነት በባውች ላይ ጣለ። በዚህ ነጥብ ሮዘሪ ትክክል ነበር። መቅጃውን፣ ጥገናውንና ቁጥጥሩን ለየብቻ ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል፤ ሁሉን አንድ ላይ አይቶ የሚፈርመው ግን ዋናው መሐንዲስ ነው። ባውች በዚያው ዓመት በጥቅምት 30 ቀን ሞተ። የፎርዝ ንድፉ ተሰርዞ፣ ሌሎች መሐንዲሶች በስኩዌር ጫማ 56 ፓውንድ የነፋስ ግፊት ገምተው የሠሩት ድልድይ በ1890 ተከፈተ። ከቴይ የወጣው ሎኮሞቲቭ ተጠግኖ ለብዙ ዓመታት አገለገለ፤ ሠራተኞቹም «ጠላቂው» የሚል ቅጽል አወጡለት። የአሮጌው ድልድይ የምሰሶ ጉቶዎች ዛሬም ከአዲሱ ጎን ከውሃው ብቅ ብለው ይታያሉ።

ስለ ቶማስ ኤዲሰን፣ ስለ 1,093 የአሜሪካ ፓተንቶቹና በ1882 በኒው ዮርክ ስለ ከፈተው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ብዙ ተጽፏልና እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ከኤዲሰን ይልቅ በእያንዳንዱ ሰው ደም ውስጥ የገባው ሌላው አሜሪካዊ፣ ቶማስ ሚጅሊ ነው። በ1911 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። የመኪና ሞተር ነዳጁ ያለ ጊዜው እየተቃጠለ ሲያንኳኳ የሚያጠፋ መድኃኒት ሲፈልግ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1921 ጥቂት የእርሳስ ውሁድ በቤንዚን ላይ ቢጨመር ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኘ። አልኮልም ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው ሚጅሊ ራሱ ያውቅ ነበር፤ እርሳሱ ግን በትንሹ ይበቃል፣ ፓተንትም ይገኝበታል። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። ሚጅሊ በ1923 መጀመሪያ ላይ በእርሳስ ታምሞ ሥራውን ለጊዜው ትቶ ማረፍ ግድ ሆኖበታል። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርሲ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው እየተናወጠ ሞቱ። ሚጅሊ በዚያው ወር መጨረሻ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ እጁን በዚሁ ፈሳሽ ታጠበ፣ ሽታውንም ሳበ፤ ምንም ጉዳት የለውም ብሎም አረጋገጠ። በእጁ ዳሰሰ፤ ነገር ግን ለማወቅ ሳይሆን ለማሳመን ነበር። ታምሞበት የነበረ ሰው ይህን ማድረጉ በቸልተኝነት ብቻ ሊተረጐም አይችልም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚጅሊ ለማቀዝቀዣዎች የሚሆን፣ የማይመርዝና የማይቃጠል ጋዝ አዘጋጀ፤ ይኸውም ፍሪዮን ነው። በ1930 በሊቃውንት ፊት ጋዙን በአፉ ስቦ ሻማ አጠፋበት። የዚህኛው ነገር ፍርዱ የተለየ ነው፤ ጋዙ ከምድር በላይ ያለውን የኦዞን ንብርብር እንደሚያሳሳ የታሰበው በ1974 ስለ ሆነ፣ በ1930 ሊያውቀው የሚችል ሰው አልነበረም። ስለ ፍሪዮን ይቅር ሊባል ይችላል፤ ስለ እርሳሱ ግን አይቻልም።

ሚጅሊ በ1940 በፖሊዮ ተይዞ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ከአልጋው የሚያነሣው የገመድና የመዘውር መሣሪያ ለራሱ ነደፈ፤ በ1944 በዚያው ገመድ ተጠምጥሞ ሞቶ ተገኘ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች በ2001 በዳካር በተስማሙት መሠረት እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ከገበያ አስወጡ። በዓለም ላይ የመጨረሻው ሽያጭ በአልጄሪያ የቆመው በሐምሌ 2021 ሲሆን፣ ይህም ቤንዚኑ በኦሃዮ፣ በዴይተን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ ከቀረበ 98 ዓመት በኋላ ነው።